ሠልስት ከቀብር በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ማለዳ ቢያርፍ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ይቀበራል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያረፈው ግን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የመቃብር ቦታና ክፍት ሰዓት እስኪገኝለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። በዚህ መሐል ሠልስቱ ይደርሳል። ሠልስት ሰው ባረፈ በሦስተኛው ቀን የሚደርስ፣ ጌታ በሦስተኛው ቀን መነሣቱ የሚታሰብበት ጸሎት ነው፤ በስደት አገር ግን ሬሳው ገና መሬት ሳይነካ ያልፋል።

ብዙ ቤተሰብ ታዲያ ሠልስቱን ከቀብር በኋላ ያደርገዋል፤ አርባውንም ከቀብር ቀን ይቆጥራል። አገር ቤት ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ቀን ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። እዚህ ግን አርባው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ቆጠራው ሰው ካረፈበት ቀን ነው፤ ጸሎቱም ሬሳ ፊት ለፊት ካልቀረበ አይደርስም የሚል ሥርዓት የለም። በመጀመሪያው ቀን ለካህኑ ሁለት ነገር ጽፎ መስጠት ይበቃል፦ ያረፈበት ቀን በእኛ አቆጣጠርና የክርስትና ስሙ። የሚጠፋው ደግሞ ሁለተኛው ነው። ውጭ ያደጉ ልጆች የአባታቸውን የፓስፖርት ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይቀር ያውቁታል፤ «ወልደ ማን ነው?» ሲባሉ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ።

በቅዳሴ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» እንላለን። የሚነሣው ደግሞ ሥጋ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «በመበስበስ ይዘራል፣ ባለመበስበስ ይነሣል» ሲል ሬሳን ዘር አድርጎታል። ሬሳ ማጠብ፣ በነጭ መግነዝ መገነዝ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ እየቆሙ መጽሐፈ ግንዘት ማድረስ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ መቅበር፣ ይህ ሁሉ የዘሪ ሥራ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሆነው ሲነሣ ከምሥራቅ የሚመጣውን ጌታ ፊት ለፊት እንዲያይ ነው። በአሜሪካ ግን ዛሬ ከሟቾች ከግማሽ በላይ፣ በስዊድን ከአሥር ከስምንት በላይ ይቃጠላሉ። ዋጋው ስለሚቀንስ የእኛም ሰው ጥያቄውን ማንሣት ጀምሯል። ቤተ ክርስቲያናችን አትፈቅድም፤ ግን ዘር የሚዘራ እንጂ የሚቃጠል አለመሆኑን ካላስረዳን «አይፈቀድም» ብቻ ልጆቹን አያሳምንም።

አንዳንዱን ነገር ቀድሞ በመጠየቅ ማዳን ይቻላል። የመቃብር ቦታ ከመግዛት በፊት ካርታውን ማየት ነው፤ ረድፉ ብዙ ጊዜ የሚከተለው መንገዱን እንጂ ምሥራቅን አይደለም። ድንጋዩም ሁልጊዜ በራስጌ አይቆምም፤ በግርጌ የሚተከልበት ስላለ ድንጋዩን ብቻ አይቶ መገመት ያሳስታል። ስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ሣጥኑ የሚገባበት የሲሚንቶ ሣጥን የሚጠየቀው መሬቱ እንዳይሰምጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመቃብር ቦታው ደንብ እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የአፈሩ ነገር ነው። ቁፋሮውን በአረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር ሸፍነው፣ ሣጥኑ ከላይ እንደተቀመጠ ሐዘንተኛውን ያሰናብታሉ። «ሲወርድ ቆመን እናያለን፣ አፈር እንበትናለን» ብሎ ውሉ ሲፈረም ማስጻፍ ያስፈልጋል፤ በዕለቱ ቢጠየቅ ሠራተኛም ሰዓትም አይገኝም።

ወደ አገር ቤት መላክ ሌላ ወጪ ነው፦ መድኃኒት የተወጋ ሬሳ፣ የታሸገ ሣጥን፣ የኤምባሲ ማኅተም፣ የአውሮፕላን ጭነት። ሳዑዲ ላረፈ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ለሟች ጸሎተ ፍትሐት የሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን የለምና። ከአሜሪካ ሲላክ ግን ብዙ ጊዜ ልጆች ዕዳ ውስጥ ገብተው ነው፤ «በአገሩ አፈር ይረፍ» የሚለውም የአገር ፍቅር እንጂ የትንሣኤ እምነት አይደለም። መዝሙረኛው «ምድርና ሞላዋ ለእግዚአብሔር ናት» ይላል። አዲስ አበባም ቢሆን በየደብሩ ቅጥር የቦታ ጥበት ስላለ አጽም ይፈልሳል። ሊቢያ ላይ ስለ እምነታቸው በአይሲስ እጅ የተገደሉት ወገኖቻችን ምስል የወጣው ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር፤ ዕለቱ ዳግም ትንሣኤ። ገላቸውን ያጠበ፣ ሬሳቸውን ይዞ ሰባት ጊዜ እየቆመ የጸለየ አልነበረም። በመነሣታቸው ግን ማን ተጠራጠረ?

አንድ የቀረ ነገር፦ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። አገር ቤት ሰው ይህን ስለሚያውቅ ለሆሳዕና ተሰብስቦ ከቅዳሴ በኋላ የሚደርሰውን ፍትሐት ይሰማል፤ በዚያ ሳምንት ያረፈ በዚያው ጸሎት ይቀበራል። ውጭ ያለው ግን የመቃብር ቦታው «ዓርብ ስምንት ሰዓት ክፍት ነው» ሲለው ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ካህኑ ስቅለት መሆኑን ሲነግረው ቅሬታው ቤተ ክርስቲያን ላይ ይሆናል። የፈረንጆች ፋሲካ ከእኛ ጋር አንዳንዴ ቢገጥምም (በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ገጥሟል) ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ አስቀባሪው ድርጅት ሊያስታውሰን አይችልም። ቀኑን ከመያዝ በፊት ለካህኑ መደወል ነው፤ ሬሳው እንደሆነ ሳምንት መጠበቁ አልቀረም፣ እስከ ማዕዶት፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።