ማስተካከያ፦ ስለ ዌስቲንግሃውስ የዋጋ ክርክር

ባለፈው ስለ ድርጅት ሽያጭ ስጽፍ፣ በአሜሪካ የደላዌር ግዛት ፍርድ ቤት የዌስቲንግሃውስን (የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሠሪ ኩባንያ ነው) የዋጋ ጥያቄ በሙሉ ወደ ገለልተኛ ኦዲተር መራው፣ ነገሩም በዚያው አለቀ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ያ በ2016 የተሰጠው የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2017 ሽሮታል። (ዓመታቱ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ዌስቲንግሃውስ የኒውክሌር ማመንጫ ግንባታ ይሠራ የነበረውን ስቶን ኤንድ ዌብስተርን ከባለቤቱ ከቺካጎ ብሪጅ ኤንድ አይረን ኩባንያ ገዛ። በርክክብ ዕለት የሚከፈለው ዋጋ ዜሮ ነበር፤ የሥራ ማስኬጃ ካፒታሉ (በቅርቡ ገንዘብ የሚሆነው ሀብት በቅርቡ የሚከፈለው ዕዳ ሲቀነስለት) ከታለመው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን ልዩነቱ ይታሰባል። በኋላ ገዢው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። አብዛኛው ጥያቄ የሻጩ የቀድሞ ሂሳብ አያያዝ ራሱ ትክክል አልነበረም የሚል ነው።

በሱቅ እንየው። ሱቅህን ልገዛ ዋጋ ስንስማማ 100 ኩንታል ስኳር ነበር፤ ቁልፍ ስንረካከብ 80 ተገኘ። የ20ው ይቀነስልኛል፣ ይሄ ያግባባል። «ሚዛንህ ድሮም ልክ አልነበረም» ማለት ግን ሌላ ክስ ነው። የዌስቲንግሃውስ ውል ደግሞ ከርክክብ በኋላ እንዲህ ያለውን ክስ ዘግቶታል፤ ሂሳቡም በቀድሞው አሠራር እንዲሠራ ያዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሉን አንድ ላይ አንብቦ፣ የማስተካከያው አንቀጽ የተዘጋውን በር መልሶ አይከፍትም አለ። እኔን በጣም ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ኦዲተሩ ግን ሥራ አልፈታም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ እስከ ርክክብ በመጣው ለውጥ ላይ የሚነሳውን የሂሳብ ልዩነት ፍርድ ቤቱ ለእሱ ተወለት።