ለቀብር የምንደርስ፣ ለዕዳ የማንደርስ

የደሴ ሰዎች ሆይ፣ ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የተደረገውን ረስታችሁት ይሆናል፤ እኔ ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያቀረበች ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ በሴቶች ራስ አገዝ ቡድኗ ዋስትና ከአንድ አበዳሪ ተቋም ተበድራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታ ነበር። ወር ሳታዛንፍ ስትከፍል ቆይታ ታመመችና አልጋ ላይ ዋለች፤ ክፍያውም አለፋት። ተቋሙ የእሷ ዕዳ ካልተከፈለ ለሌሎቹ አባላት አዲስ ብድር እንደማይሰጥ ሲያስታውቅ፣ አቦሉን ከበረካው አብረዋት ሲጠጡ የኖሩት ሴቶች በማለዳ ቤቷ ገቡ። ማታ አብሲት የጨመረችበት ሊጥ ኩፍ ብሎ ከባልዲው አፍ ደርሷል። «ይህችን ብቻ ጋግሬ ሽጬ ልስጣችሁ» ብላ ለመነቻቸው። እነሱ ግን ገመዱን ከሶኬቱ ነቅለው ምጣዱን ለሁለት ተሸክመው ወጡ። ትንሿ ልጅ የተዋሱት መስሏት፣ ማሰሻውን ይዛ «እትዬ፣ ይሄን ረሳችሁት» እያለች ከኋላቸው ሮጠች። ደጃፍ የቆምነው ሁሉ አየን፤ «ተዉ» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰዓት፣ ለታመመ አባል ተብሎ በየሳምንቱ የሚዋጣው ማኅበራዊ መዋጮ በቡድኑ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጦ ነበር። ራስ አገዝ ቡድን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው የሚቆጥቡበት፣ በየተራ የሚበደሩበት፣ ለክፉ ቀንም ጥቂት የሚያስቀምጡበት ነው። የቤት ካርታም ሆነ ደመወዝተኛ ዋስ የሌላት ሴት ብድር የምታገኘው ጓደኞቿ ስለቆሙላት ነው። ታዲያ ያ መቆም ክፉው ቀን ሲመጣ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ምጣድ መንቀል ይሁን?

ሴቶቹን ብቻ አልወቅስም፤ የእነሱም ልጆች የሚበሉት በዚያ ብድር ነበርና ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ያሳዝነኛልም። የሚያንገበግበኝ የእኛ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ አባላት ዝምታ ነው። ያቺ እናት ብትሞት ኖሮ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ጥሎ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ቤቷን ይሞላው ነበር። በሕይወት ሳለች የጎደላትን ክፍያ ግን ማን ጠየቃት? ሬሳ ለመሸከም የሚበረታ ትከሻችን ለሕያው ጎረቤት የሚደክመው ስለ ምንድን ነው?

ወገኖቼ፣ ምጣዱ ተሽጧል፤ አይመለስም። በመጪው የቅሬ ስብሰባ ግን የታመመ ተበዳሪ ክፍያ ከቅሬው መዋጮ እንዲሸፈን አንሡት፤ የቡድን እናቶችም ከሰው ቤት ከመግባታችሁ በፊት ሳጥናችሁን ክፈቱ። ይህን ከዚህ በፊትም ተናግሬ ሰሚ አላገኘሁም፤ ሆኖም ከእናንተ ሌላ የምለምነው ስለሌለኝ ዛሬም እለምናችኋለሁ።