የበር ስፒከር ስፖንጅ ሳይቆረጥ አይገጠም

ከፒያሳ ወደ ተክለ ሃይማኖትና ወደ ሶማሌ ተራ ሲወረድ፣ የመኪና ቴፕና ስፒከር በሚገጥሙ ባለሙያዎች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ልማዶች ይታያሉ። አንደኛው ወገን ከስፒከሩ ጀርባ የሚገባውን ጎድጓዳ የስፖንጅ ሽፋን፣ ፎም ባፍል የሚባለውን፣ ከማሸጊያው እንዳወጣው በበሩ ቀዳዳ ከትቶ ስፒከሩን በላዩ ያስራል። ሌላው ወገን ደግሞ «ቤዝ ይገድላል» ብሎ ስፖንጁን ጨርሶ ይተውና ስፒከሩን በባዶ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ያጠብቀዋል። ሁለቱም ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል፤ የመኪናው ባለቤት ግን በሁለቱም መንገድ ይጎዳል። በእኔ እምነት ስፖንጁ መግባት አለበት፤ የሚገባው ግን ተቆርጦ ነው። ይህ ሥራ አምፕሊፋየር ከመግዛት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው በፊቱ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ፣ ማለትም የሚርገበገበው የስፒከሩ ገጽ፣ ወደ ፊት ሲገፋ በፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከጀርባው ያለውን አየር ያሳሳል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ሞገዶች ተቃራኒ ናቸው፣ ከተገናኙም ይጠፋፋሉ። በዚህ በእጅጉ የሚጎዳው ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ የኋላው ሞገድ በስፒከሩ ጠርዝና በቆርቆሮው መካከል ባለ ክፍተት ሾልኮ ከፊቱ ጋር ለመገናኘት የሚጓዛት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከቁጥር አትገባም፤ ተቃራኒነቱ እንዳለ ይቆይና ቤዙ ከበሩ ሳይወጣ ይቀራል። በከተማችን የሚበዙት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ፣ የበራቸው ቆርቆሮ የተጣመመና የብሎን ቀዳዳቸው የሰፋ አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ናቸው። እንዲህ ባለ በር ላይ የስፖንጁ ለስላሳ ከንፈር በስፒከሩና በቆርቆሮው መካከል ተጨምቆ ክፍተቱን ይደፍናል፣ የቆርቆሮውንም መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ስፖንጁን ጨርሶ የሚተወው ባለሙያ የሚያሳጣው ይህንን ነው።

ሳይቆርጥ የሚከተው ደግሞ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። አብዛኞቹ የበር ስፒከሮች የተሠሩት በሩ ራሱ ሳጥን እንዲሆንላቸው ታስቦ ነው፤ በበሩ ውስጥም ብዙ ሊትር አየር አለ። ለ16.5 ሴንቲ ሜትር ስፒከር የተሠራው ጎድጓዳ ስፖንጅ ግን ማግኔቱ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚተርፈው አየር አንድ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። ይህ ጥቂት አየር ወረቀቱን ልክ እንደ ተነፋ ኳስ መልሶ ይገፋዋል። ስፖንጁ ለስላሳ ስለሆነ አየሩን እንደ እንጨት ሳጥን አጥብቆ ባይዘውም፣ የወረቀቱ እንቅስቃሴ ይታፈናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ባለቤቱ የጎደለውን ለመሙላት ቤዙንና ድምፁን ይጨምራል፤ ቤዙ ግን አይመጣም። የሚመጣው ጩኸት ነው፤ በመጨረሻም ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ የስፒከሩ ኮይል፣ ይቃጠላል። ያን ጊዜ «ዕቃው ፌክ ነበር» ይባላል። ጥሩ ስፒከሮች በዚህ ምክንያት ሲጣሉ ማየት ያሳዝነኛል።

ይሁንና የመኪና በር ውስጡ ደረቅ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ ከመስታወቱ ሥር ባለው ላስቲክ አልፎ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ በበሩ ግርጌ ባሉ ቀዳዳዎችም ይወጣል። አሠራሩ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ ግን በጋው ሙሉ በፀሐይ የደረቀው ላስቲክ ይሰነጠቃል፣ የግርጌውን ቀዳዳዎች አቧራ ይደፍናቸዋል፤ ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣሉ። በፓነሉ፣ ማለትም በበሩ የውስጥ ልባስ፣ እና በቆርቆሮው መካከል በጥቁር ሙጫ የተለጠፈው የፕላስቲክ መከላከያም የመስታወት ማንሻ ሲጠገን ይቀደድና እንደ ተቀደደ ይቀራል። ክረምቱ አልፎ ፓነሉ ሲፈታ የሚታየው የዛገ የስፒከር እግር፣ አረንጓዴ ያወጣ የሽቦ መያዣና ዳር ዳሩ ያበጠ ወረቀት ነው። በፕላስቲክ የተሠራው የስፒከር ገጽ ውሃን ይችላል፣ የሽቦ መያዣውና ብረቱ ግን አይችሉም።

ስለዚህ ሽፋኑ ሲቆረጥ ሦስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። ዙሪያውን ያለው ከንፈር እንዳለ ይቀራል። የላይኛው ግማሽ፣ ውሃው ከመስታወቱ በሚንጠባጠብበት በኩል ያለው፣ እንደ ጣሪያ ከማግኔቱ በላይ እንዲዘረጋ ይተዋል። የታችኛው ግማሽና የጀርባው ግድግዳ ግን በስለት ይወጣሉ፤ በዚህም ስፒከሩ የበሩን አየር በሙሉ ያገኛል፣ የገባ ውሃም ተጠራቅሞ አይቀመጥም። ስፖንጁ ውሃ የማይመጥ ዓይነት መሆን አለበት፤ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ መለጠፍ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ካለመለጠፍ ይብሳል። ሽቦው በታች በኩል ቢገባ ይመረጣል፣ በላይ ከገባ ውሃውን እየመራ ወደ መያዣው ያደርሰዋልና። ከስፒከሩ ፊት፣ እስከ ፓነሉ መረብ ድረስ፣ ቀጭን የስፖንጅ ቀለበት ቢጨመር ደግሞ ድምፁ በፓነሉና በቆርቆሮው መካከል ከመባከን ይድናል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። በእነዚህ መኪኖች የሞተር ድምፅ ስለማይሰማ በነዳጅ መኪና ተሸፍኖ የሚያልፈው የፓነል መንቀጥቀጥ ሁሉ ይሰማል፤ ለገጣሚዎችም ሥራው ከበፊቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ደንበኛ ደግሞ ፓነሉ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ነገሮችን የመጠየቅ መብት አለው። መስታወቱ እስከ ታች ወርዶ የስፖንጁን ጣሪያ እንደማይነካ ይታይ፤ ቀጥሎም መስታወቱ ተዘግቶ በውጪ በኩል ጥቂት ውሃ ይፈሰስና ጠብታው ወዴት እንደሚሄድ በባትሪ ብርሃን ይመርመር። ውሃው ከስፒከሩ ርቆ በግርጌው ቀዳዳ ካልወጣ ገንዘቡ አይከፈል።