ቁልፉ የት ነው?

ኧረ በዲማ ጊዮርጊስ! ሰባተኛ ክፍል የደረሰው የእህቴ ልጅ የሰርግ ጥሪ ማንበብ አቅቶት ለአያቱ አቀበላት። እሷ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኩራዝ ፊደል የለየች ገበሬ ናት፤ ያለ መነጽር ተወጣችው።

ትምህርት ቤት ሄድን። «ቤተ መጻሕፍት አለን» አሉ። አለ! ተቆልፏል። ለምን? ልጆቹ መጽሐፉን እንዳያቆሽሹት! ቁልፉስ? ንብረት ክፍሉ ጋ። እሱስ? ስብሰባ። ስለ ምን? ስለ ንባብ ሳምንት! (ባነሩ ላይ ያለውን የፊደል ግድፈት እንለፈው።)

እህቴስ ብትሆን? ለስልክ ካርድ ብር አላጣችም፤ የተረት መጽሐፍ ግን «ተወደደ»። ልጁ ገጽ ሲገልጥ ካየችው «ሥራ ከፈታህ ከብቱን አግባ!»

ይህ እኮ ጎጃም ነው! የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ቅኔ ሊቆጥር ዋሸራ ድረስ የሚጓዝበት አገር! የኛው በልቶ ጠጥቶ፣ ዩኒፎርም ለብሶ አንድ አንቀጽ ላይ ያልበዋል። ለመሆኑ እዚያ ቤት መጽሐፍ የተፈቀደለት ምስጥ ብቻ ነው?