እርማት፦ የአውሮፓው ፈንድ የማሞቂያ ሒሳብህን አይከፍልልህም

ወንድሜ፣ «ከ2026 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የድሃውን የማሞቂያ ሒሳብ በሙሉ ይሸፍናል» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ ነው የምመልስልህ።

ማኅበራዊ የአየር ንብረት ፈንድ የሚባለው በእርግጥ አለ። ሕጉ በ2023 ጸድቋል፤ ዘመኑ ከ2026 እስከ 2032 ነው፤ ሲጸድቅ የተቀመጠለት ጣሪያ 65 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ጋዝና ቤንዚን አቅራቢዎች ነዳጃቸው ሲቃጠል ለሚለቀው ካርቦን ፈቃድ መግዛት ሊጀምሩ ነው። ወጪውን ደንበኛው ላይ ስለሚጭኑት ሒሳብ ይንራል። ፈንዱ የታሰበው ለዚህ ነው፤ ገንዘቡም በዋናነት ከዚሁ የፈቃድ ሽያጭ ይመጣል።

ግን ለቤተሰብ በቀጥታ የሚሰጠው ገንዘብ አንድ አባል አገር ገንዘቡን ለመጠቀም ከሚያወጣው ዕቅድ ጠቅላላ ወጪ 37.5 በመቶ መብለጥ አይችልም። እሱም ጊዜያዊ ነው፤ ለተቸገሩት ብቻ። ትልቁ ድርሻ ግድግዳና ጣሪያ ሙቀት እንዲይዝ ለማድረግ፣ ለድርብ መስታወት መስኮት፣ የጋዝ ቦይለርን በሙቀት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ በኤሌክትሪክ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ) ለመተካት፣ ለትራንስፖርት ነው። ይሄ ትክክለኛ አካሄድ ይመስለኛል። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሒሳብ ብቻ መክፈል በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ኪራይ ቤት ለምንኖር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ድጋፉ በአከራዩ በኩል ቢያልፍም ሙሉ ጥቅሙ ለተከራዩ መድረስ አለበት ይላል ሕጉ። አከራይህ ቤቱን በዚህ ገንዘብ አሳደስኩ ካለህ ይህን አንሳበት።

ማመልከቻም ብራሰልስ አይላክም። ገንዘቡ የሚወርደው በየአገሩ ዕቅድ ስለሆነ የምትኖርበትን ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ። እስከዚያው የመጣውን ሒሳብ «ይከፈልልኛል» ብለህ አታሳድር፤ ውዝፍ ይሆንብሃል።