ማሰሪያ አንቀጽ የጠፋበት ማመልከቻ

ባሕር ዳር ውስጥ ገንዘብ ከፍለው አንድ ገጽ ማመልከቻ ከሚያስጽፉት መካከል ዲግሪ ያለው አይጠፋም። ይኼ ያንገበግባል! ፊደል ጠፍቶት አይደለም፤ ከምረቃ በኋላ ከፊርማና ከስልክ መልእክት ሌላ ስላልጻፈ ነው።

መጀመሪያ የሚጠፋው ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር ሐሳብን እስከ አራት ነጥብ ይዞ መድረስ ልምምድ ይፈልጋል። ልምምዱ ሲቋረጥ «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «ስለሆነ» እየተቀጣጠሉ ስድስት መስመር ይሄዳሉ፤ «ሠራተኞቹ» ተብሎ የተጀመረው «አመለከተ» ተብሎ ይዘጋል። ድምፃቸው አንድ የሆነው ሞክሼ ፊደላትም ይከተላሉ። «ሠረቀ» እንደ ፀሐይ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። ስልኩ ያቀረበለትን ቃል የሚነካ ጣት ይህን ከየት ያስታውሰው?

እዚሁ ጣና ላይ፣ ክብራንና ኡራ ገዳማት ያሉት ብራናዎች በእጅ የተጻፉ ናቸው። ቁም ጸሐፊ፣ ማለትም የብራና ጸሐፊ፣ የመቃ ብርዑ ጫፍ ሲደነዝ እንደገና ይቀርጸዋል እንጂ አይጥለውም፤ የደነዘ የመጻፍ ችሎታም እንደዚሁ ይሳላል።

እባካችሁ፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ግማሽ ገጽ በእጅ ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ከሁለት መስመር ካለፈ ቁረጡት። በማግስቱ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ግሡ ርቋል ማለት ነው። ባለቤቱንና ግሡን አስምሩባቸው፣ በቁጥርና በጾታ ካልተስማሙ አርሙ። ለዚህ 15 ደቂቃ ጠፍቶ ነው ለአንድ ገጽ ገንዘብ የሚከፈለው?