ኒው ጀርሲ ላይ ሹፌር አይወርድም

አንድ ጸሐፊ የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ጀርሲ ሹፌር ራሱ ቤንዚን እንዳይቀዳ መከልከሏን «ኋላ ቀርነት» ብሎታል። አልስማማም። አሜሪካ እንደመጣሁ የያዝኩት ሥራ እዚያው ነዳጅ ቀጂነት ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1949 ነው። ተመሳሳይ ክልከላ የነበራት ሌላዋ ግዛት ኦሪገን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ስትለቅ እነሱ ንቅንቅ አላሉም።

አለቃዬ የድሮ ሰው ነበር፤ መቅዳት ብቻ አይበቃውም። ቱቦውን ሰክተህ እስኪሞላ መስታወት ታጥባለህ። ደንበኛው ከፈለገ ኮፈን ከፍተህ የዘይት መለኪያዋን ትመዛለህ፣ በጨርቅ ትጠርጋታለህ፣ መልሰህ ከተህ እንደገና አውጥተህ ታያለህ። ሳይጠርጉ የሚያነቡ ነበሩ። እሱ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም!

ብርዱን አታንሱብኝ። በዚያ በረዶ ቤንዚን ጓንትህ ላይ ከፈሰሰ ጣትህ የራስህ አይመስልህም። ቶሎ ስለሚተን ሙቀትህን ይዞት ይሄዳል።

የሚያስቁት ከሌላ ግዛት የሚመጡት ናቸው። ከቨርጂኒያ የመጣ አበሻ ዘሎ ወርዶ ቱቦውን ሲይዝ «ወንድሜ ግባ፣ እዚህ ክልክል ነው» ስለው ክው ይላል። ከዚያ «የት ሰፈር ልጅ ነህ?» ይጀመራል፤ ኋላ ያለው ጥሩንባውን ያንባርቃል። ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ ግን ምንም አልገረማትም። እዚያ ማን ራሱ ይቀዳል?

ቀጂ መቅጠር ዋጋ ያስወድዳል የሚለውም አልተዋጠልኝም። በኛ ጊዜ የኒው ዮርክ ሰዎች ድልድይ ተሻግረው እኛ ጋ ይሞሉ ነበር፤ ግብሩ ዝቅተኛ ስለነበር ረከስ ይላል። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2016 በጋሎን 23 ሳንቲም ግብር ሲጨምሩ ነው።